ከጉዛራ ጥላ ወደ ጋራ ጣሪያ

ቀን ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ ማታ የራሴን ስንኝ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው በእንፍራንዝ ነው፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና፣ ማክሰኝትን አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደረስ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ታሪክ ነው፤ ያስነሣኝ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ወደ መስኮቴ መጣ። የሠርግና የክርስትና ፎቶ በማንሣት የሚተዳደር ልጅ ነው። ካሜራው አርጅታበታለች፤ አዲስ ካሜራና ኮምፒውተር ለመግዛት ብድር ፈለገ። እንደ ደንቡ «የምታስይዘው ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ቤት የለኝም፤ መኪና የለኝም። ያለኝ ዐይኔ ነው» አለኝ። ዐይን በመያዣነት የሚመዘገብበት ቅጽ አልነበረንም። እርግጥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትም ለብድር መያዣ እንዲሆን በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ያረጀች ካሜራ የምትገመትበት ዋጋና ልጁ የሚፈልገው ገንዘብ የሚገናኙ አልነበሩም። አመስግኖኝ ወጣ። ያመሰገነኝ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

በማግሥቱ እሑድ ነበርና ወደ ጉዛራ ወጣሁ። ጉዛራ ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የቆመ የድንጋይ ግንብ ነው። ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል፤ እኒህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ድረስ ነግሠዋል። ስለዚህ የእንፍራንዝ ሰው «ግንብ ከጎንደር በፊት በእኛ ዘንድ ነበር» ብሎ ቢኮራ አይፈረድበትም። እኔም ልጅ ሆኜ እኮራ ነበር። በዚያ እሑድ ግን ያሰብሁት ስለ ንጉሡ አይደለም፤ ድንጋዩን ስለ ጠረበው፣ ኖራውን ስላቦካው፣ በግብሩ ላይ መሰንቆ ስለ መታው ሰው ነው። ንጉሡ ከዚህ ሲነሡ እነዚያ ሰዎች ወዴት ሄዱ?

መልሱ ከባድ አይደለም። ንጉሡ ወደ ሄዱበት ሄዱ። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ተንቀሳቃሽ ነበር። ከሠርፀ ድንግል በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝና በጎርጎራ ከረሙ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። ድንኳን ሲነቀል ኮርቻ ሰፊው፣ ብራና ፋቂው፣ አንጥረኛው፣ አዝማሪው ጓዙን ጠቅልሎ ይከተላል። ሙያው የእርሱ ነው፤ ሙያውን የሚያኖርበት ጥላ ግን የሌላ ሰው ነው። ጥላ ደግሞ ከጀንበር ጋር ይዞራል።

እዚህ ላይ ስለ ከተማዬ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1700 ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በታላቁ ኢያሱ ዘመን በእንፍራንዝ አልፏል። ቤተ መንግሥቱ ከዚህ ከተነሣ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ሆኖም ፖንሴ ያየው ፍርስራሽ አልነበረም፤ በለመለመ አጥር የተለያዩ ያማሩ ቤቶችን፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተቀላቅሎ የሚኖርባትን የነጋዴ ከተማ አየ። ንጉሥ ቢሄድም ገበያ ቀርቶ ነበር። በእርግጥ በዚያ ገበያ ከሚሸጠው ውስጥ የዝባድ ሽቶ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይገኝበት ነበርና ያን ዘመን ንጹሕ አድርጌ ልሥለው አልችልም። ነገር ግን ራሱን የቻለ ሥራ ያላት ከተማ ጌታዋ ቢነሣም እንደማትነሣ ከዚህ ይታያል።

የጎንደር ባለሙያዎች ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው። ግንበኛውና አንጥረኛው በአብዛኛው ቤተ እስራኤል፣ ሸማኔው ደግሞ በብዛት ሙስሊም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ እነዚህ ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። እጃቸው ለግንቡ ተፈለገ፤ ጉርብትናቸው አልተፈለገም። «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» የሚሉት ስድቦች ትውልድ ተሻገሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ነገሩ በይፋ የተነቀፈ አይመስልም፤ ከአዋጁ በኋላም ስድቡ አልጠፋም። ዛሬ አንድ አባት ልጁ «ሠዓሊ እሆናለሁ» ሲለው ፊቱ የሚጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ፊት የሦስት መቶ ዓመት ፊት ነው።

አዝማሪውንም እንመልከት። ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ናት። አዝማሪ ደመወዝ የለውም፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር ነው ደመወዙ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ ይበላል፤ በዐቢይ ጾም መሰንቆውን ይሰቅላል። ታዲያ እንዴት ኖረ? በዘመድና በጋብቻ በተሳሰረ ኅብረት ነው የኖረው። ሌላው ሰው የማይሰማው የራሱ የምሥጢር ቋንቋ እንኳ አለው፤ በሠርጉ ቤት መካከል ቆሞ፣ ባለቤቱ ሳይሰማ፣ ከጓዱ ጋር ይመካከርበታል። ውድ አንባቢያን፣ በከተማ «ፍሪላንሰር» የምንለው ሰው አዲስ ፍጡር እንዳይመስላችሁ። መሰንቆውን በካሜራ ለውጡት፤ ያ ወደ መስኮቴ የመጣው ልጅ ይሆናል። የጥር ወር ያጠግበዋል፤ ክረምት ያስርበዋል። ልዩነቱ አዝማሪው መንደር ነበረው፤ ልጁ ግን ብቻውን ነው።

ቤተ መንግሥቱ ካለፈ በኋላ ሌላ ጥላ መጣ፤ ጎብኚ። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በጎንደርና በዙሪያዋ ለጎብኚ የሚሠራ እጅ በዛ። በወለቃ የሸክላ ምስሎች ተሠሩ፤ በከተማው ሥዕልና ጥልፍ ተሸጠ፤ ወጣቱ ፎቶ ማንሣትና አስጎብኚነት ተማረ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ ክልላችን ግጭት ተከተለ። ጎብኚው ራቀ። እንግዲህ ያ ጥላም ዞረ። ከእንፍራንዝ ወጣቶች መካከል ከሰል ወደ መሸጥ የገባውን ሠዓሊ፣ ብሩሹን ለባጃጅ ቀለም መቀቢያ ያደረገውን ማስታወቂያ ጻፊ በስም አውቃቸዋለሁ።

ታዲያ የራሳችን ጣሪያ የለንም ወይ? አለን፤ ግን እያንዳንዱ ጣሪያ የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። ደቦ ለአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጠላው ሲያልቅ ይበተናል። እድር ለቀብር ነው። ለሞታችን ድንኳንና ወንበር አዘጋጅተናል፤ በሕይወት ሳለን ለምንሠራው ሥራ ግን ድንኳን የለንም። እቁብን ግን በሙያዬ አደንቀዋለሁ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ አምስት አምስት መቶ ብር ቢያዋጡ ዕጣ የወጣለት ሰው አሥር ሺህ ብር ይዞ ይሄዳል፤ ያለ መያዣ፣ ያለ ወለድ። ምሥጢሩ ምንድን ነው? ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዳኛ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ቀን ያሳለፈ ይቀጣል። እቁብተኛ «ይሉኛል» ብሎ አያፍርም፤ ዳኛው ወንድሙን ይጠይቃል። ነገር ግን ዙሩ ሲያልቅ እቁቡም ያልቃል። ለሚቀጥለው ክረምት የሚተርፍ የጋራ ንብረት አያኖርም።

ይህን የሚያኖር ድርጅት በሕግ ስም አለው፤ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይባላል። ይህን ስም በቤታችን ባነሣሁ ጊዜ አባቴ ሽምጥጥ ያለ መልስ ሰጡኝ፤ «በሬዬን የወሰደው ነው?» አሉ። አባቴ የሚያስታውሱት የደርግን ዘመን ነው። የኅብረት ሥራ ሕግ ከደርግ በፊትም ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ፣ በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 241 ወጥቷል። የገበሬው ልብ ላይ የተጻፈው ግን በ1970 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 138 ነው። በ«መልባ» መሬት፣ በ«ወልባ» ደግሞ በሬና ማረሻም ወደ ጋራ ገባ። ስሙ ፈቃድ፣ ግብሩ ግዳጅ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ባወጁ ጊዜ አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። አባቴ በሬያቸውን ሌሊት ነድተው እንዳመጡ ሲናገሩ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። በሬው አርጅቶ ነበር አሉ።

አባቴን በክርክር ማሸነፍ አልሞከርሁም። ይልቅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አይቼው የመጣሁትን አወራሁላቸው።

ከእንፍራንዝ አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ሲታጠፍ፣ ብዙም ሳይርቅ አውራ አምባ ይገኛል። ዙምራ ኑሩ የተባሉ፣ የቀለም ትምህርት ደጃፍ ያልረገጡ ገበሬ፣ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ሴት ታርሳለች፤ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። በዚህም ምክንያት ጎረቤት ጠላቸው፤ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ሸሽተው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው ተይዞ ጠበቃቸው፤ በእጃቸው የቀረው 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። ለመቶዎች አፍ የሚበቃ እርሻ አይደለም። ስለዚህ ወደ እጃቸው ሙያ ዞሩ። ፈተሉ፤ ሸመኑ። በእኛ አገር ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሆኖ ሳለ፣ እነርሱ ሁለቱንም ለሁለቱም አደረጉት። ወፍጮ ተከሉ። ቀጥሎ ሱቅ፣ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤት መጣ።

በሸማ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ የገረመኝ ጨርቁ አልነበረም። ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል ስጠይቅ አስጎብኚዋ ሳታፍርና ሳትደብቅ መመለሷ ነው። ከሳምንቱ አንዱ ቀን የሚሠራው ለአቅመ ደካሞች መደገፊያ መሆኑንም ነገረችኝ። በእኛ ቤት ገንዘብ በሹክሹክታ ይወራል። እዚያ በግልጽ ድምፅ ይነገራል። ደርግ በግድ የሰበሰባቸው ማኅበራት በ1982 ዓ.ም. ሲበተኑ፣ በፈቃድ የተሰባሰቡትና ሁሉ ያሳደዳቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። አባቴ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና «እነሱ በሬ የሚወስድ ካድሬ አልነበራቸውም» አሉ። ከዚህ የተሻለ የኅብረት ሥራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲም አልሰማሁም።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሸማ አንዱ ቢሸምነው ሌላው ሊጨርሰው ይችላል። ግጥም ግን? ፎቶስ? የአንዱ ዐይን ያየውን ሌላው ዐይን አያየውም። የግል የሆነውን ሙያ በጋራ ማኖር ይቻላልን?

ሌሎች ሞክረውት ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ1947፣ ሮበርት ካፓ፣ ሄንሪ ካርትየ ብሬሶን፣ ዴቪድ ሲሙርና ጆርጅ ሮጀር ማግነም የተባለውን የፎቶ አንሺዎች ኅብረት ሥራ ሲመሠርቱ ዋናው ነገራቸው ይህ ነበር። ከዚያ በፊት መጽሔቱ ፎቶውን ሲገዛ ባለቤትነቱንም ይወስድ ነበር። እነርሱ የፎቶው መብት በአንሺው እጅ እንዲቀር፣ ጽሕፈት ቤቱ ግን የጋራ እንዲሆን አደረጉ። ካሜራው የየራስ፣ ቢሮው የጋራ ነው። በቤልጅግም ስማርት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 በብራሰልስ ተቋቁሞ በ2016 ወደ ኅብረት ሥራነት ተለውጧል። በግል የሚሠራው ባለሙያ ሥራውን ራሱ ይዋዋላል፤ ደረሰኙን የሚቆርጠው ግን ድርጅቱ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት በመቶ ይቀነሳል፤ ደንበኛው ክፍያ ቢያዘገይ ባለሙያው ከጋራ የዋስትና ገንዘብ ይከፈለዋል። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚያውቀው «ደረሰኝ ከሌለህ አንከፍልም» ተብሎ የተመለሰ፣ ወይም ደረሰኝ ላለው ደላላ ከድካሙ ሲሶውን የገበረ የእኛ አገር ወጣት ነው።

ሕጉም በእኛ ዘንድ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የፎቶውንም የግጥሙንም ባለቤትነት ለፈጠረው ሰው ሰጥቷል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ደግሞ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ፤ ማንም አባል ከተከፈለው አክሲዮን ከአሥር በመቶ በላይ እንዳይዝም ከለከለ፤ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። በሬ የሚወስድ ካድሬ በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም።

ታዲያ ምን ጎደለ? እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። ከስድስት ዓመት በፊት ስምንት ጓደኛሞች ማኅበር ጀምረን ነበር፤ ሁለት ገጣሚ፣ ሁለት ፎቶ አንሺ፣ አንድ ሠዓሊ፣ አንድ መሰንቆ መቺ፣ ሁለት ማስታወቂያ ጻፊ። በየወሩ እያዋጣን የቀለም ማተሚያ ማሽን ገዛን። ገንዘብ ያዥ እኔ ነበርሁ፤ «ባንክ ነው የሚሠራው» ተብዬ። በሥራ ቦታዬ አንድ ብር ብትጎድል መሽቶም ቢሆን ሳላገኛት ወደ ቤቴ የማልሄድ ሰው፣ ለጓደኞቼ ገንዘብ ደብተር አልያዝሁም። ያልከፈለውን መጠየቅ አሳፈረኝ፤ ስንት እንዳለን መጠየቅ እነርሱን አሳፈራቸው። ዓመት ሳይሞላ ተኳረፍን። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ ብቻ ስንት እንደነበረ ማንም አላወቀም። ማሽኑ በአንዳችን ቤት ቀለሙ ደርቆ ተቀምጧል። እኛን ያፈረሰን ድህነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። አያቶቻችን በእቁብ ዳኛ የፈወሱትን በሽታ እኛ የተማርነው ልጆች ይዘነው ገባን።

እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ሃያ ስምንት ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ሃያ ስምንት ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ሱቅ ከፈቱ። የዓለም ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደ አባት የሚቆጥሩት እነርሱን ነው። ከእነርሱ በፊትም ብዙዎች ሞክረው ወድቀው ነበር። የሮችዴሎቹ ልዩነት ደንባቸውን ጽፈው፣ ሒሳባቸውን በየጊዜው ለአባላቱ ማሳየታቸው ነው።

ዘንድሮ እንደገና ተሰባስበናል። ያን ፎቶ አንሺ ልጅም ጠራሁት። በማርዳ ወረቀት የጻፍነው ረቂቅ ደንብ አጭር ነው። ካሜራውም ብሩሹም መሰንቆውም የየባለቤቱ ይሆናል፤ የሥራው መብትም እንዲሁ። ደረሰኙ፣ ኮምፒውተሩና የቢሮው ኪራይ የጋራ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ሥራ የተወሰነ በመቶ ለክረምት መሻገሪያ ይቀመጣል። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደብተሩ በገሃድ ድምፅ ይነበባል፤ ማንም «ይቅር፣ እናምንሃለን» ማለት አይችልም። ይህችን የመጨረሻዋን አንቀጽ እኔ ነኝ ያስገባሁት።

ለመመዝገብ የሚያስፈልገን የአባል ቁጥር ገና አልሞላም። ልጁ ጥር ሳይገባ ነገሩ ካልተቆረጠ ካሜራዋን ሽጦ ወደ መተማ እንደሚወርድ ነግሮኛል፤ አልዋሸኝም። ሠዓሊው ገና ያመነታል። አባቴ ግን ባለፈው ሳምንት ረቂቁን አስነብበውኝ ሲያበቁ፣ «መውጣት የፈለገ ሰው በሬውን ይዞ ይወጣል የሚለው የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አልነበረም። ጨመርነው።

ጉዛራ ዛሬም በኮረብታው ላይ አለ። ቁመቱን አደንቃለሁ፤ ጥላው ግን ማንንም አያስጠልልም። እኛ የምንሠራው ምናልባት አንድ ክፍል ቤትና አንድ ደብተር ይሆናል። ቢሆንም የራሳችን ነው። ጽሑፌን በእነዚህ ስንኞች ልቋጭ።

በሰው ዋርካ ጥላ ጎጆ የቀለሰ፣
ዋርካው ሲወድቅበት አብሮ ፈራረሰ፤
አንድ አንድ ሸንበቆ ከየቤቱ አምጥቶ፣
ማን ክረምት ይፈራል የጋራ ቤት ሠርቶ?